ከቆርቆሮው ስር ያለው ሙቀት

«ዳቦ ቤቱን ያቃጠለው እሱ ነው» ትላለች አክስቴ።

ሽንኩርት ስትልጥ ትለዋለች፤ ልብስ ስታጥፍ ትለዋለች፤ ጎረቤት ሰላም ልትል ወጥታም ትለዋለች። ወሬው እጇ ላይ አደገ። መጀመሪያ አንድ ሽቦ ነበር የጨሰው። ቆይቶ ግድግዳው ጠቆረ። ከዚያ ጣሪያው ተያያዘ። በመጨረሻ ዳቦ ቤቱ ድራሹ ጠፋ። «ሽቦውን ሳያይ አየሁት ብሎ እኮ ነው። ሳያይ አየሁ የሚል ሰው ነው፤ አቃጣዩ።»

ዳቦ የምትገዛው ግን በየማለዳው ከዚያው ድራሹ ከጠፋው ዳቦ ቤት ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ አብራን ትኖራለች፤ ሰፈሩን የምታስተዳድረው ከደጃችን በርጩማ ላይ ሆና ነው። አቃጣዩ የምትለው ደግሞ ከጎረቤታችን ጓሮ አንድ ክፍል የተከራየውን ኤሌክትሪሻን ነው። እኔ እስቅባት ነበር። ወሬ እኔ ላይ አይሠራም ብዬ ነበር የማምነው። ያልፈታሁትን፣ ያልነካሁትን፣ በቴስተር ያልሞከርኩትን ነገር አላምንም።

ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ሲሞት የተወልን ይህን ቤትና አንዲት ዲዳ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮዋን ፈትቼ ስገጥም፣ ገጥሜ ስፈታ፣ አንድ ቀን አፏን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት ያለችውን፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚከፈተውን ክፍል ይዤ ካውያና ምድጃ እጠግናለሁ። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይለኛል። ካውያውን ሲያመጣ በፌዝ፣ ሲወስድ በቁም ነገር።

እናቴ የምትሰፋው ከላይኛው ክፍል ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ችግሩ ከራሷ በላይ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ጨለማ ቦታ አለ፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ሙቀቱ ሁሉ እዚያ ይታጎርና እናቴ አናት ላይ ይወርዳል። አንድ ከሰዓት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ መርፌው ላይ ክር ልታስገባ ጎንበስ እንዳለች አዞራት፤ ማሽኑ ላይ ተደፋች።

«ምንም አልሆንኩም» አለች ውኃ ስናጠጣት። «ክሩን ነው የፈለግኩት።»

ዕለቱን ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሙቀቱን ከጣሪያው ስር ስቦ ወደ ውጭ የሚጥል፣ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቬንትሌተር አሳየኝ አልኩት ሻጩን።

«ባለሙያውን ላኪልኝ፣ የኔ እህት፤ እኔ ከሱ ጋር ልነጋገር።»

«ከሱ ጋር ነው እየተነጋገርክ ያለኸው።»

«ይሄ እኮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት አይደለም።»

«ጠረጴዛ መቼ አነሳሁብህ? ግድግዳ ቀድጄ ነው የምገጥመው። ሲሞቅ በራሱ የሚያስነሳውን ቴርሞስታትም ጨምርበት። ሽቦ ደግሞ ከዚያኛው ጥቅል ቁረጥልኝ።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚያኛው ባይሆን» አለ። «ቆርቆሮ ስር ከሆነ የምትዘረጊው፣ የዚያ ልባስ በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል።»

ዞር አልኩ። አቃጣዩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ። በመስኮቴ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ይህን ያህል ቀርቤው ግን አላውቅም። የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ሽቦውን ነበር። ያ አናደደኝ። ትክክል መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«የጠየቀህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እሺ።»

«እሺ» አለና ፈገግ አለ። ሲስቅ አንዱ ጉንጩ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ሌላው ገና እያሰበበት ነው።

ሙቀት የሚችለውን ሽቦ ገዛሁ። እሱ ከመደብሩ እስኪወጣ ጠብቄ ነው ታዲያ።

ግድግዳውን ብቻዬን ቀደድኩ፤ ከላይ፣ ሁለቱ የጣሪያ ክንፎች ከሚገናኙበት ሥር። ቬንትሌተሩን ግን ብቻዬን መስቀል አልቻልኩም። አንድ እጅ ይይዛል፣ አንድ እጅ ብሎን ያጠብቃል፣ ሦስተኛ እጅ መብራት ማብራት አለበት፤ ሦስተኛ እጅ ደግሞ ለማንም አልተሰጠም። ሲወድቅ እግሬ ላይ ነው የወደቀው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ የተናገርኩትን አክስቴ እስካሁን ለሰው ታስመስላለች።

እናቴ፣ ያቺ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ደረጃ እንኳ እያረፈች የምትወጣው ሴት፣ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ እሱን ይዛ ነበር።

«ይኸው ሰው አመጣሁልሽ» አለች።

«አቃጣዩን ቤት አስገባችሁት?» አለች አክስቴ ከታች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አታውቅበትም።

እሱ ሰማ። ጆሮው ቀላ፣ ግን ቀጥ ብሎ «እንደምን ዋሉ» አላትና መሰላሉን ያዘ።

«ከያዝክልኝ ይበቃኛል» አልኩት። «የምገጥመው እኔ ነኝ።»

«እይዝልሻለሁ።»

ከመያዙ በፊት ግን ባትሪ ይዞ በደረቱ እየተሳበ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ሄደ። እኔ ከታች ሽቦ እለካ ነበር። ሲመለስ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ተጣብቆ ነበር። «ከክፈፉ ስር ያሉት የአየር መግቢያዎች ክፍት ናቸው» አለኝ። «አንድ በአንድ እጄን አስገብቼ ሞክሬያቸዋለሁ። ሙቁ አየር ሲወጣ በነሱ ሌላ ካልገባ ማሽኑ በከንቱ ነው የሚዞረው።»

«አውቃለሁ» አልኩ። አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወርዶ ብሬከሩን አጠፋና ተመለሰ። «ዘግቼዋለሁ፤ ቀጥዪ።»

ቴስተሬን አወጣሁ።

«ዘግቼዋለሁ እኮ አልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።» ሽቦውን ነካሁ። ቴስተሩ አልበራም።

«ሰው ሲነግርሽ አታምኚም?»

«ሰው ሲዋሽ መብራት አይበራበትም። ቴስተር ይሻላል።»

«ለሽቦ ልክ ነሽ» አለ። «ለሽቦ ሁሌም ሞክሪ።» ሌላ ነገር ሊጨምር አሰበና ተወው። ቬንትሌተሩን በሁለት እጁ አንስቶ ቀዳዳው ላይ አስጠጋው።

ብሎኖቹን ሳጠብቅ ፊታችን በስንዝር ነበር የሚራራቀው። ላቡ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው፣ ከአፍንጫው ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ እጁ ተይዟልና ሊጠርገው አይችልም። እኔ ልጠርግለት እችል ነበር። ካቻቢቴዬን አጠበቅኩ። ካስፈለገው በላይ ነው ያጠበቅኩት።

ማብሪያውን ስንጫን ማሽኑ እንደ ትልቅ ንብ ተነሳ። ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነበርና ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ቀዘቀዘ። እናቴ «ነፍስ ዘራሁ» ብላ አንገቷን በነጠላዋ ጠረገች። እሱ ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ።

«እንግዲህ አለቀ።»

«አለቀ» አልኩ።

«ሌላ የሚሠራ ነገር ካለ…»

«ካለ ራሴ እሠራዋለሁ።»

ከአፌ ሳይወጣ ልይዘው ነበር፤ አልደረስኩበትም። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። እናቴ አየችኝ፤ የመጣ እንግዳ በደጅ የመለስኩባት ይመስል።

በማግስቱ ከሰዓት ላይኛው ክፍል ምድጃ ሆኖ ጠበቀን። ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ድምፁ ያው ነው፤ ሙቀቱ ግን ፍንክች አይልም። እናቴ ላቧ በአገጯ እየወረደ «ያንን ልጅ ጥሪው» አለች።

«እኔ አየዋለሁ።»

«እስክታዪው እኔ እቀልጣለሁ። ጥሪው።»

ጠራሁት። ከሥራ መልስ መጣ። በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም። ቴርሞስታቱን ፈትተን ያለሱ በቀጥታ አገናኘነው፤ ምንም። ማሽኑ ወደ ውስጥ እየነፋ እንደሆነ ብለን ውጭ ወረቀት ይዘን ቆምን፤ ወረቀቱን ወደ ውጭ ገፋው፣ ልክ ነው። የሽቦ መገናኛውን ሁሉ ከፍቼ እንደገና ጠመዘዝኩ፣ ናስትሮውን ልጬ እንደገና ጠቀለልኩ። በሕይወቴ አንድ ማሽን እንዲህ አንገብግቦኝ አያውቅም። የተበላሸ ነገር ይገባኛል፤ ደህና እየሠራ የማይሠራ ነገር ግን ስድብ ነው።

ያ ሁሉ ንዴት ታዲያ ከሰዓት በኋላ ኮቴውን ስሰማ የት እንደሚገባ እንጃ።

አንድ ቀን ኮርኒሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እጃችን ጠቁሮ፣ «ሬዲዮዋ ስትናገር ምን አደረግሽ?» አለኝ። እናቴ ነግራዋለች።

«ቤት ሰው የገባ መስሎኝ ጠረጴዛ ስር ተደበቅኩ።»

ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ ጣለና ከማገሩ ጋር ተላተመ። ሳላስበው እጄ አናቱ ላይ ነበር። አብጦ እንደሆነ ልዳስስ ነው። አላበጠም። እጄ ግን እዚያው ቀረ፤ እሱም ራሱን አላነሳም። ማሽኑ ይዞራል። ከታች የእናቴ መስፊያ ቆሟል።

«ይሄ ሥራ ባያልቅ አይከፋኝም» አለ።

ልቤ የት እንደደረሰ እኔ አውቃለሁ። አፌ ያለው ግን «እናቴ እየተቀቀለች ነው» ነው።

ነገሩን የነገረኝ የአክስቴ ሽንኩርት ነው። ወጥ ቤት ስታቁላላ ሽታው በደረጃው ወጥቶ፣ ላይኛውን ክፍል አልፎ፣ በኮርኒሱ መውጫ ሽው ብሎ ወደ ማሽኑ ሲሄድ አፍንጫዬ ያዘው። ማሽኑ የሚስበው ከውጭ አይደለም፤ ከቤታችን ነው። ከውጭ የሚገባበት ተዘግቷል ማለት ነው።

ባትሪዬን ይዤ ወደ ጠርዙ ተሳብኩ። እሱ ተከተለኝ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጠቁሮ የታጨቀ ጨርቅ ነበር። ሁለተኛውም፣ የሚቀጥለውም። እሱ ቀድሞኝ እጁን ሰዶ ጎተተውና «እ» አለ፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ጨርቁን በባትሪው ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የቀሩትን እየነቀለ ሁሉንም ቦርሳው ውስጥ ወሸቃቸው።

«ክፍት ናቸው ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ክፍት ነበሩ።»

«አባቴ ወፍ እንዳይገባ የወተፈው መሆን አለበት። ስንት ዓመት የተቀመጠ ጨርቅ።»

«ክፍት ነበሩ» አለ እንደገና።

«ታዲያ ማን ወተፋቸው? ወፎቹ?»

ቦርሳውን ዘጋ። አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ እይዘው ነበር፤ አልጨመረም። ያ ሁሉ ቀን፣ የእናቴ ላብ፣ ፈትቼ የገጠምኩት ሽቦ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምላሴ ላይ ወጣ።

«ሳታይ ነው አየሁ ያልከው» አልኩት። «እንደ ዳቦ ቤቱ።»

ባትሪው እጁ ላይ ዝቅ አለ።

«አንቺም?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ተስቦ ወረደ። ከታች ከእናቴ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ሲያወሩ ሰማሁ፤ የሚሰናበታት መሰለኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይኛው ክፍል ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ልክ መሆን አይቼ አላውቅም፤ ሁሉ ነገር ይሠራል፣ እኔ ግን ካውያ ይዤ ግድግዳ አያለሁ። አክስቴ «አላልኳችሁም?» ትላለች። እናቴ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ወደ ዩኒፎርሟ ትመለሳለች። እሱ በመስኮቴ ማለፉን ተወ፤ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚገባው። ረጅሙ መንገድ እሱ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ ሰውዬ የተሰበረ ካውያ አመጣ። «አልጣልኩትም» አለ፤ «ጠረጴዛው ነው የተንቀሳቀሰው፣ ድመቷ ደግሞ ገመዱን፣ እኔማ ሌላ ክፍል ነበርኩ፣ ሚስቴን ጠይቂያት።» ስንቱን እንደዚህ ሰምቻለሁ። የጣለ ሰው ታሪኩ አያልቅም። ያልጣለ ሰው «አልጣልኩትም» ይልና ዝም ይላል።

ካውያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ።

«ይሠራል?» አለ ሰውዬው።

«ክፍት ነበሩ» አልኩት።

«ምን?»

«ነገ ና።»

ማን እንደወተፋቸው አላወቅኩም። እስኪደክመኝ አሰብኩ፣ የሚገባኝ ነገር አልነበረም። ጨርቁ እዚያ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሱ ደግሞ አልነበረም ብሏል። የምፈታውም የምሞክረውም ነገር አልነበረኝም፤ ወይ እሱን ማመን ነው፣ ወይ ጨርቁን።

እሱ ወደሚሠራበት ስሄድ ዳቦ ቤቱ መንገዴ ላይ ነው። ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው እሳቱ እውነት ይሁን ውሸት ይነግረኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ሁለት ዳቦ» አልኩ።

እሱ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋበት አዲስ ሕንፃ ደረስኩ። ሠራተኞቹ ደረጃው ላይ ሲያዩኝ፣ «ኢንጂነሯ ለቁጥጥር መጣች፣ ሄልሜት ስጧት» አለ አንዱ። «ለሱ ስጡት፤ የሚጠበቅ ነገር ካለው» ብዬ አለፍኩ። እሱ ከላይ፣ ግድግዳው ጋ ተንበርክኮ ሽቦ ይስባል። አየኝ፤ ዓይኑን ወደ ሽቦው መለሰ።

«ቀዳዳዎቹ ክፍት ነበሩ» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ።»

ከታች መዶሻ ይመታል፤ ሰው ይጣራል። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ የሚያስበው ጉንጩ ጭምር።

«እኔ ከነገርኩሽ ቆየ።»

«ዘግይቶ ነው የሚገባኝ።»

«ማን እንደወተፋቸው አወቅሽ?»

«አላወቅኩም።»

«ሳታውቂ ነው የመጣሽው?»

«ሳላውቅ ነው። አሁን ደረጃ ላይ አቁመህ አታድርቀኝ፤ እግሬ ላይ ቬንትሌተር ወድቆበታል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ከጎኑ የሲሚንቶ አቧራውን በመዳፉ ጠረገልኝ። ተቀመጥኩ። አንዱን ዳቦ ሰጠሁት። ቆርሶ ትንሽ አኘከና፣ «ይሄ ዳቦ ቤት» አለ፣ «እሳቱ እኮ…»

«አልጠየቅኩህም።»

«ልነግርሽ ነው።»

«አትንገረኝ። ብላ።»

በላ። ጣቶቻችን ጥቁር ነበሩ፤ የኔ ከካውያ፣ የሱ ከሽቦ። ሲጨርስ እጄን ያዘ። ሠራተኞቹ ከታች አጨበጨቡ፤ ሳስበው ያቺ ሄልሜት ለዚያኔ ትጠቅመኝ ነበር፣ እወረውርባቸው ነበር።

ተጋባን። በሠርጋችን ላይ ከሁሉ በላይ የጨፈረችው አክስቴ ናት። ዛሬ ደጃፍ ላይ የምታወራው፣ ዳቦ ቤቱን ከእሳት ያዳነው የእህቷ ልጅ ባል መሆኑን ነው። እንዴት እንዳዳነው ገና እያደገ ነው።

ባለፈው ሳምንት እኔና እናቴ ላይኛው ክፍል ነበርን። ሆዴ ገፍቷል፣ መሰላል ተከልክያለሁ፤ ማሽኑን የሚያጸዳው እሱ ነው፤ ብሩሹን ሊያመጣ ወርዶ ነበር። እናቴ የትንሽ ልጅ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል፣

«ያኔ የወተፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ቀዳዳዎቹን ነዋ። በማግስቱ፣ አንቺ ዕቃ ልታደርሺ ስትወጪ። ጨርቁን አቧራው ላይ ጎትቼ ነው ያስገባሁት፣ እንዳትለዪው።»

«በዚያ ጉልበትሽ?»

«ጉልበቴ ደስ ሲለው ነው የሚያመው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ምን ላድርግ? ሥራው አለቀ፤ እናንተ ግን ገና አልጀመራችሁም። ሽቦ፣ ሽቦ፣ ሽቦ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲለምንሽ ራሴ እሠራዋለሁ ትዪዋለሽ።»

«ያን ሁሉ ቀን በላብ ስትጠመቂ…»

«ላብ ይደርቃል።»

«እሺ፣ እሱን ስሰድበው ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኩ።

«ዝም ልል ነበር እንዴ? ያን ቀን ልነግርሽ ደረጃውን ጀምሬ ነበር፤ እሱ ነው መንገድ ላይ የያዘኝ። ጨርቁ ላይ የረሳኋት ስፒል ስትወጋው ገብቶት ነበር።» ልብሱን አንስታ ብርሃን ላይ አየችው። «እጄን ይዞ ‹እንዳይነግሯት፣ እማማ› አለኝ። ‹እርስዎ ከነገሯትማ የምታምነው እርስዎን ነው።›»